ስፌት የሌለው መስቀል

ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ተጨምራበት ከሆነ የጻፈቻት እጅ ትድረቅ፤ ተቀንሳ ከሆነም ሌላይቱ ትከተላት። እውነት ነው፤ ላስታ ያውቀዋል። ያን ቅዳሜ ማለዳ አድማሴ ከብልባላ አፋፍ ላይ ሆኖ የጮኸውን ጩኸት ወገል ጤና ያሉ ሴቶች ሰምተው፣ ነጎድጓድ መስሏቸው የተሰጣ ገብሳቸውን ወደ ቤት አስገብተዋል። ወሩ ጥር ነበር፤ ሰማዩም እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር። ሴቶቹ ግን አስገቡ።

ያስጮኸው አንድ የአንገት መስቀል ነው። ሚስቱ የሻረግ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ለነገው ጥሎሽ እንዲያምር በአመድና በሎሚ ታሸው ነበር። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ አብረቀረቀ፤ የማለዳዋ ፀሐይ ራሷ ብርሃን ከእርሱ ተበድራ የወጣች እስክትመስል። ቀጥሎ ከአንደኛው ክንፉ ጫፍ ላይ እንደ ተላጠ ጉልበት ያለ ቅላት ታየ። የሻረግ አውራ ጣቷን ደግማ ጫን አደረገችበት። ነጩ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ገለፈት ተነሥቶ ከአመዱ ጋር ቀረ፤ ከሥሩም ቀይ መዳብ ፈጥጦ ወጣ። መዳፏን ብቻ ዘረጋችለት።

አድማሴ አየው። ደሙ ከተረከዙ ተነሥቶ በጉልበቱ፣ በሆዱ፣ በአንገቱ አድርጎ ግንባሩ ላይ ሲደርስ ይሰማው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወገል ጤናዎች ያውቁታል።

በላስታ ምድር ብርን ከቆርቆሮ፣ ወርቅን ከነሐስ የሚለይ ሰው ቢፈለግ ከአድማሴ በቀር አይገኝም ነበር። ይህን የሚለው ራሱ አድማሴ ስለሆነ ጥርጥር የለውም። ጠገራ ብር ወደ ላይ ተወርውሮ መሬት ሳይደርስ፣ ከነፋሱ ጋር ሲፋጭ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ በማን ዘመን አገራችን እንደ ገባ ይናገራል። ጉትቻ ቢሰጡት ነክሶ ያሠራችውን ሴትዮ ስም ከነአያቷ ይጠራል። ሰርግ በተደገሰ ቁጥር «አድማሴ ይየው» ተብሎ ይላክበታል፤ የአንገት ድሪውንና የእግር አልቦውን መዳፉ ላይ አንከባሎ «ይሁን» ካላለ ሽማግሌ አይመርቅም፣ ሙሽራም ከበቅሎ አይወርድም።

ከጥበቡ ሁሉ የበላዩ ግን አንድ ነበር። ጌጥ ሲያነሣ ዓይኑ ቀድሞ የሚፈልገው መጋጠሚያ ነው፤ እርሱ «ስፌት» ይለዋል። ያለ ጭቃ፣ ያለ ማገር፣ ከአንድ አለት ተፈልፍለው በወጡ አብያተ ክርስቲያናት ሥር ያደገ ሰው ነውና ተቀጣጥሎ የተሠራ ነገር ዓይኑን አይሞላውም። እውነተኛ ነገር ወጥ ነው፤ የሚጣፈው ሐሰት ነው። ይህ ለአድማሴ ከጸሎተ ሃይማኖት ቀጥሎ የሚደገም ነበር። የሚከራከረው ሰው ሲመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፤ «ቤተ ጊዮርጊስ ስፌት አለው?» የለውም። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ነገ እሑድ ሰጠኝ ለሚባለው ልጁ እጮኛ ጥሎሽ ሊቀርብ ነው። የልጅቱ አባት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ የላሊበላ ካህን፣ የካህን ልጅ፣ የካህን የልጅ ልጅ። በእነርሱ ቤት ጥሎሽ «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ ዝም ብሎ አይገባም። ሰፌዱ ከመካከል ይቀመጣል። የሙሽራዋ አጎቶች እያንዳንዱን ጌጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ይነክሱታል። ነቀፋ ያጡ እንደሆነ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ይነቅፋሉ። የውሸት ጌጥ የተገኘ ዕለት ግን ነቀፋ የለም፤ ሰፌዱ ይገለበጣል፣ ሙሽራው በመጣበት ይመለሳል፣ የመጣበትም መንገድ ስም ይወጣለታል። ከሙጃ በላይ አንድ ዳገት አለ፤ በአንድ የመዳብ ቀለበት ምክንያት «የእከሌ መመለሻ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። ስሙን መጥቀስ የዘመዶቹን ልብ ማቁሰል ይሆናል።

እንግዲህ አድማሴን ያንገበገበው ለመስቀሉ የሄደው ቀይ ወይፈን አልነበረም። ወይፈን ይወለዳል። «አድማሴን አታለሉት» የሚለው ቃል ግን አንዴ ከተወለደ አይሞትም። ጠላ ቤት ሲገባ ሰዎች ዝም ሲሉ ታየው። አጎቶቹ መስቀሉን ሲቀባበሉ፣ የመጨረሻው አጎት አውራ ጣቱን ጫን ሲያደርግ ታየው። ጥርሱ ተፋጨ።

«የሸጠልኝን ሰው ሱቁን በላዩ ላይ አፈርሰዋለሁ» አለ፤ ለሚስቱ ሳይሆን ለተራራው።

ዱላውን አነሣ። መስቀሉን በጨርቅ ጠቀለለ። ከልጁ አንጓ ላይም የእጅ ሰዓቱን አስወለቀ፤ እርሱም ከዚያው ሱቅ የተገዛ ነው። በዚያ ዘመን ሙሽራ ያለ ሰዓት ከሚታይ ያለ ሱሪ ቢታይ ይሻለዋል። ነጋዴው ሰዓቱን ሲሸጥ «ባለ አሥራ ሰባት ድንጋይ ነው» ብሎ ነበር፤ አድማሴም በዚያች ጣት በምታክል ዕቃ ሆድ ውስጥ አሥራ ሰባት ዕንቁ ተቀብሮ እንደሚኖር ተረድቶ፣ ለጎረቤት ሁሉ ከነቀለማቸው ዘርዝሮ ነበር። ሰዓቱ በማግስቱ ቆመ። ሰጠኝ አባቱን ፈርቶ የቆመ ሰዓት አስሮ ሰነበተ፤ ሰው ሰዓት ሲጠይቀው ፀሐይዋን ቀና ብሎ እያየ ይመልስ ነበር። ዛሬ ሁለቱ በደሎች አንድ ላይ ተጠቀለሉ።

የሻረግ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላው ወጣች። ተመለሺ አላት። አልተመለሰችም።

ቁጣ ስንቅ አይፈልግም። አድማሴ ከብልባላ እስከ ላሊበላ ያለውን ቁልቁለትና ዳገት እንደ ደራሽ ውኃ ወረደው፤ የረገጠው ድንጋይ እስከ ዛሬ ስንጥቅ ነው፤ የጠረጠረ ሄዶ ይመልከት። መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቶ ነበር፤ አድማሴም የደረሰበትን ለደረሰበት ሁሉ ይነግር ጀመር።

መጀመሪያ ያገኙት ጃንጥላ የያዙ አንድ ቄስ ነበሩ። ለእርሳቸው የነገራቸው አጭሩን ነው። አብዱልጀባር የሚባለው ነጋዴ አስቀድሞ ጠቆር ያለ፣ ስፌቱ የሚቆጠር፣ ተቀጣጥሎ የተሠራ መስቀል አቅርቦ ሊያታልለው ሞከረ፤ እርሱ ግን ማን ሆነና፣ ስፌቱን አይቶ መለሰው። ያኔ ይህን ወጡን፣ ነጩን አወጣ። ሱቁ ጨለም ያለ ስለነበረ ቅቡ አልታየም። ቄሱ ከንፈራቸውን መጠጡና አለፉ።

ጌሾ የተሸከሙ ሴቶች ሲገናኟቸው ሱቁ ጨለማ ሆነ። ነጋዴውም በሩን ገርበብ አድርጎ በልጆቹ ማለ። ጨው የጫኑ አህዮች የሚነዱ ሰዎች ጋ ሲደርሱ ሱቁ ከዋሻ የጨለመ ነበር፤ መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል፤ ነጋዴው ቁርኣኑን ደረቱ ላይ አስደግፎ «ብር ባይሆን አላህ ያንሳኝ» ብሎ ምሏል። የላሊበላ ቤቶች ሲታዩ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ የአድማሴን ትከሻ ይዞ ሲያዋራው ሌላው መስቀሉን ለወጠበት። ከእነዚህ አንዱም ውሸት አልነበረም። ቁጣው እያደገ ሲሄድ ትዝታው አብሮት ያድግ ነበር እንጂ።

የሻረግ ይህን ሁሉ ከኋላ ሆና ትሰማለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ፊቱን ወደ እርሷ አዞረ። ከተገዛ ጀምሮ ሳይነኩት ያበራ የነበረን ዕቃ ዛሬ በአመድና በሎሚ ማሸት እንዴት አማረሽ ሲል ጠየቃት። በቁጣ ነበር የጠየቀው፤ የላጠችው እርሷ ናት የሚል ነገር በድምፁ ውስጥ ነበረ።

«ነገ በሰው እጅ ከሚላጥ ዛሬ በእጄ ይላጥ ብዬ ነው» አለችው።

አድማሴ ከዚህ ውስጥ የሰማው «ይላጥ» የምትለዋን ብቻ ነው። እርሷኑ እየደጋገመ ወጣ። የሚላጠው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

የቅዳሜ ገበያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆሟል። የአብዱልጀባር ሱቅ ከገበያው ራስጌ፣ በርበሬ ከሚሰፈርበት ፊት ለፊት ናት፤ በአንድ ወገን ላምባና አቡጀዲ፣ በሌላው ወገን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጌጣጌጥ ይሸጥባታል። ባለቤቷ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሲስቅ ሆዱ የሚቀድመው ሰው ነው። አድማሴ ሰዉን በክርኑ እየከፈለ ደርሶ ጨርቁን በመስታወቱ ላይ ወረወረው። መስታወቱ አልተሰበረም፤ ገበያው ግን ቀጥ አለ። አህዮች ጆሯቸውን ጣሉ። በግ የሚያስማማ ደላላ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። በርበሬ ሰፋሪዋ ልታስነጥስ የነበረውን ለሌላ ጊዜ አቆየችው።

«ሌባ» አለ አድማሴ።

አብዱልጀባር መጀመሪያ ያነሣው ሰዓቱን ነው። አገላብጦ አየውና ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። አድማሴ ሞተ አለ፤ የሞተ ዕቃ እንደሸጠለትም ለሕዝቡ አስረዳ። ነጋዴው ሰዓቱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ከጎኑ ያለችውን ጉጥ እየጠመዘዘ፣ እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «አያ አድማሴ፣ ሞልተውታል?»

«ምን ልሞላው? ጋን ነው?»

አብዱልጀባር እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን በበርበሬ ሰፋሪዋ ጆሮ ላይ አስጠጋው። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ «ውይ፣ ልቧ ትመታለች» አለች። ሳቁ ከበርበሬ ተራ ተነሥቶ እህል ተራን አልፎ ከብት ተራ ደረሰ፤ ምን እንደተሳቀ ያላወቁትም ሳቁ። አድማሴ አሥራ ሰባት ዕንቁ የተቀበረበት ሰዓት እንደ ወፍጮ በእጅ ይዞር ብሎ ነገር ምን ዓይነት ዘረፋ ነው ብሎ ሲጮህ ነጋዴው ባሰበት። ድንጋዮቹ ሰናፍጭ አያክሉም አለው፤ ለጌጥ የገቡ አይደሉም፣ የመንኰራኵሮቹ እግር የሚሽከረከርባቸው ናቸው፤ የሣንቃ በር ታችኛው እግሩ እንዳይበላ ከሥሩ የሚደረገውን ድንጋይ አያውቁም ወይ፤ እርሱን ነቅሎ ለሙሽራ አንገት የሚያስር አለ ወይ። ሰዉ ደግሞ ሳቀ።

አድማሴ በሕይወቱ ብዙ ተቆጥቶ ያውቃል። አንድ ጊዜ የበረቱን ድንበር ያለፈ ጅብ ተቆጥቶት ጅቡ ሣር መብላት ጀምሯል ይባላል። እንዲህ ያለ ቁጣ ግን፣ ሰው እየሳቀበት የሚቆጣው ቁጣ፣ ደርሶበት አያውቅም። ጨርቁን ራሱ ፈታው።

«ይህንንስ? ይህንንም በጣትህ ጠምዝዘህ አስነሣው» አለ።

አብዱልጀባር መስቀሉን አነሣ። የተላጠውን ጠርዝ፣ ቀዩን መዳብ አየ። ሳቁ ከሆዱ ጀምሮ ጠፋ። ቀና ብሎ መጀመሪያ የሻረግን፣ ቀጥሎ አድማሴን ተመለከተ።

«ይህን መስቀል የሸጥሁት እኔ ነኝ» አለ። «ብር ነው ብዬ ግን አልሸጥሁም።»

ይህን ሲል ድምፁን አላነሣም። አለማንሣቱ አድማሴን የበለጠ አቃጠለው። የሚክድ ሰው መጮህ አለበት፤ ሳይጮህ የሚክድ ምን ዓይነት ሰው ነው? ነጋዴው ግን ከሣጥኑ ሥር ጥቁር የመፈተኛ ድንጋይ አውጥቶ መስቀሉን ጫረበት፤ ቀይ መስመር ወጣ። ከአንገቱ የራሱን የብር ክታብ መያዣ ጎትቶ ጫረው፤ ነጭ መስመር ወጣ። ለቆሙት ሁሉ አሳየ። ብር ለስላሳ ነው አለ። አንጥረኛው ክር ያደርገዋል፣ ያጥፈዋል፣ ጫፍና ጫፉን ይበይደዋል፤ እንዲህ ውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ መስቀል መጋጠሚያ ከሌለው በቅርጽ የፈሰሰ ነው፣ በቅርጽ የሚያፈሱትም ብዙውን ጊዜ መዳብና ነሐስ ነው፤ ስለዚህ የሚገዛ ሰው ስፌቱን ይፈልግ እንጂ ስፌቱን አይሽሽ።

አድማሴ በዚህ ቃል ውስጥ ቀዳዳ አገኘ። ቁጣ እንደ ውኃ ነው፤ ቀዳዳውን ራሱ ያገኛል።

ወደ ሕዝቡ ዞረ። ሰማችሁ ወይ አለ። የላሊበላን ሰው፣ በላሊበላ ገበያ ላይ ቆሞ፣ ስፌት የሌለው ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ይለዋል። አባቶቻችን ያለ ስፌት የሠሩትን እያየ፣ ጥላው ሥር እየነገደ፣ ሐሰት ነው አለ።

አብዱልጀባር እንዲህ አላለም። ከፊት የቆሙት ሁሉ እንዲህ እንዳላለ ሰምተዋል። ግን ከኋላ የቆሙት አልሰሙም፤ እነርሱ የሰሙት የአድማሴን ነው። ሳቁ እንደ ጠዋት ጉም በነነ። አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ነጋዴው መስቀሉን በመስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ሰው እንዲያያቸው ገልጦ አኖራቸው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቶ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ውባንተ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ውባንተ ካኪ ለባሽ፣ ወጣት፣ ጥሎሽ የፊውዳል ቅሪት መሆኑን በየስብሰባው የሚያስተምር፣ የእህቱ ጥሎሽ ሲቀርብ ግን ከሰፌዱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነው። በዚያ የአብዮት ዘመን «የኢኮኖሚ አቆርቋዥ» የምትባለዋ ቃል ከአፉ ከወጣች ሱቅ ይታሸጋል፤ ባለሱቁም ወዴት እንደሄደ ሚስቱ በር ለበር እየዞረች ትጠይቃለች። ውባንተ ነገሩን ከግራ ቀኝ ሰማና እጁን ዘረጋ። አብዱልጀባር ምን እንደተጠየቀ ገባው። የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አስረከበ።

«ይናገሩ» አለው ሊቀመንበሩ አድማሴን። «እንዴት አድርጎ ነው የሸጠልዎ?»

ሰዉ ክብ ሠራ። ከክቡ ውስጥ ጭራቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጥምጥማቸው ከሌላው ሰው ሁሉ ነጥቶ፣ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ቆመዋል። ለነገው ድግስ በርበሬ ሊያስሰፍሩ መጥተው ነው። ዓይናቸው በመስታወቱ ላይ ያለው መስቀል ላይ ነው፤ የተላጠው ክንፍ ወደ እርሳቸው ዞሮ ነበር።

አድማሴ አያቸው። ለአንዲት ቅጽበት ቁጣው ትንፋሽ አጣና ተቀመጠ፤ በተቀመጠበትም ሥፍራ አንድ ነገር ከሩቅ መጣበት። የቀትር ፀሐይ ያረፈበት መስታወት። ሚስማር የያዘ ወፍራም እጅ። ከዚያም ሳቅ፤ የማን ሳቅ እንደሆነ ያውቀዋል መሰለው። ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እንደ ዝንብ ተነሥቶ ሄደ። አማቹ ፊት ነው የቆመው። አሁን ወደኋላ ቢል ነገ ሰፌዱን ማን ይዞ ይገባል? ልጁ በየትኛው ዳገት ተመልሶ፣ ዳገቱስ ማን ተብሎ ይጠራል? ደረቱን ነፋ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወረወረ፣ ተናገረ።

እንደዚያ የተነገረ ነገር በላሊበላ ገበያ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሰማም። ሱቁ መቃብር ሆነ። ጎረምሶቹ በዙ፤ ሽጉጥም ተገኘባቸው። ቁርኣኑ ከፍ ተደረገ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ በስም ተጠርተው ተማለባቸው፣ የሞተ አባቱም ሳይቀር ተጠራ። መስቀሉ በዓይኑ ፊት ብር ሆኖ ገብቶ መዳብ ሆኖ ወጣ። አድማሴ ሲናገር የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተገትሮ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እንባውም የውሸት አልነበረም። ከሰሙት ሴቶች አንዲቱ ደረቷን መታች። ውባንተ ቁልፉን በጣቱ ላይ አዞረ፣ አንድ ዘበኛ ወደ በሩ ተጠጋ። አብዱልጀባር የሱቁን መዝጊያ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።

መሪጌታ ጭራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። አድማሴን አልተናገሩትም። በእርሱ ትከሻ ላይ አሻግረው፣ ከጀርባው ቆማ የነበረችውን ሴት ተመለከቱ።

«እመት የሻረግ፣ ያን ዕለት እርስዎም አብረው ነበሩ አሉ» አሉ። «ነገ የአንድ ቤት ሰዎች ልንሆን ነው። እስቲ እርስዎ ይንገሩን።»

አድማሴ ወደ ሚስቱ አልዞረም። መዞር አላስፈለገውም፤ ከአጠገቡ ናት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአጠገቡ ናት፣ አንድም ቀን በሰው ፊት ቃሉን አቋርጣ አታውቅም። ገበያው እንዴት ዝም እንዳለ ለመናገር ቃል የለም፤ በርበሬው ራሱ መሽተቱን ትቶ ነበር።

የሻረግ መጀመሪያ በውባንተ ጣት ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየች። ቀጥላ የመሪጌታን ፊት አየች፤ እዚያ ላይ ብዙ ቆየች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበረ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ሱቁ ጨለማ አልነበረም» አለች። «ቀትር ነበር፤ በሩም ወለል ብሎ ነበር። ከእርሱና ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ሁለቱን መስቀል ጎን ለጎን አስቀመጠና፣ ስፌት ያለውን ብር ነው አለ። ይህን መዳብ ነው፣ ብር የተቀባ ነው፣ ለጥሎሽ አይሆንም አለ። ጠርዙን በሚስማር ጭሮ ሊያሳያቸው ሲል ባለቤቴ እጁን ይዘው ሳቁበት። ለእኔ ነው ብር የምታስተምረው አሉት።»

አድማሴ አፉን ከፈተ። ወገል ጤና ድረስ የሚሄድ ድምፅ ከዚያ አፍ ይወጣ ነበር፤ አሁን የወጣ የለም።

ውባንተ ቁልፉን ማዞር ትቶ ነበር። «ታዲያ ይኸ ሁሉ መሐላ?» አለ። «ሰውዬው አልማለም?»

የሻረግ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች።

«አልማለም» አለች። «ብር ነው ብለው የማሉት እሳቸው ናቸው።»